የድረ ገጽ ኮድ ስታንዳርድ ቢጠብቅ ምን ይጠቅማል? የድሬና የሐረር ደንበኞች ደጋግመው የሚጠይቁን

ድሬዳዋ ተቀምጠን ለሱቅ፣ ለእንግዳ ማረፊያ፣ ለትምህርት ቤትና ለቡና ነጋዴ ድረ ገጽ እንሠራለን፤ ሐረርም ደንበኞች አሉን። ከዋጋ ቀጥሎ በብዛት የምንጠየቀው ስለ ስታንዳርድ፣ ማለትም የድረ ገጽ ኮድ እንዴት እንደሚጻፍ ስለሚደነግገው የጋራ ሰነድ ነው። አንዱ ቃሉን የጨረታ ሰነድ ላይ አይቶት ይመጣል። ሌላው ደግሞ የእህቱ ልጅ ሳይቱን ቫሊዴተር (ኮዱ ስታንዳርዱን መጠበቁን የሚመረምር መሣሪያ) ውስጥ ከትቶ በቀይ የተሞላ ዝርዝር ስላሳየው ደንግጦ ይደውላል። መልሶቻችንን እዚህ ሰብስበናቸዋል። አቋሙ የኛ ነው፤ ሌላ ባለሙያ ሌላ ሊላችሁ ይችላል።

በአጭሩ ንገሩኝ፦ ገንዘብ ላውጣበት ወይስ ልተወው?

አዲስ ሳይት የምታሠሩ ከሆነ ከመጀመሪያው በስታንዳርዱ ይሠራ። ለዚህ ብሎ የተለየ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ካለ ለምን እንደሆነ ያስረዳችሁ፤ ዱሮውንም እንዲህ ነው መሠራት ያለበት። ተሠርቶ ያለቀና ሥራውን እየሠራ ያለ ሳይት ከሆነ ግን "ዜሮ ስህተት" የሚል አረንጓዴ መልእክት ለማየት ብቻ ገንዘብ አታፍስሱ። ስህተቶቹ እኩል አይደሉም። ደንበኛ የሚያባርሩት ጥቂት ናቸው፤ እነሱን አስተካክሉ፣ የቀሩት ሳይቱ በሚታደስበት ጊዜ ይደርሳሉ።

ለመሆኑ ስታንዳርዱን የሚያወጣው ማነው? ባይከበርስ የሚቀጣ አለ?

የሚቀጣ የለም። ድርን የፈጠረው ቲም በርነርስ-ሊ ሐሳቡን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 በሰርን የምርምር ማዕከል ሲሠራ ነው፤ በ1994 ደግሞ ዳብሊው ስሪ ሲ የሚባለውን ማኅበር አቋቋመ። ኤችቲኤምኤል (የገጹ ይዘት የሚጻፍበት ኮድ) እና ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) እንዴት እንደሚጻፉ የሚደነግጉት ሰነዶች ለዓመታት የወጡት ከዚያ ነው። በ2004 አፕል፣ ሞዚላና ኦፔራ በማኅበሩ አካሄድ ስላልተደሰቱ ዋትዊግ የተባለ የራሳቸውን ቡድን መሠረቱ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲጓዙ ቆይተው በ2019 ተስማሙ፤ ዛሬ የኤችቲኤምኤል ሰነድ የሚጻፈው ዋትዊግ ዘንድ ነው፣ ሲኤስኤስ እዚያው ዳብሊው ስሪ ሲ ቀርቷል።

ለእናንተ ከዚህ ታሪክ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። የኤችቲኤምኤል ስታንዳርድ አሁን በቁጥር እየተሰየመ የሚወጣ ሳይሆን በየጊዜው የሚታረም አንድ ሰነድ ነው። "ሳይትህን ወደ ኤችቲኤምኤል 6 ላሳድግልህ" የሚል ሰው ከመጣ ቡናችሁን ጨርሱና ተሰናበቱት።

አቦ፣ ሳይቱ እየሠራ አይደል እንዴ? ምን ይነካካል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ዘመን ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር፤ ያኔ ያልተዘጋ አንድ ታግ (የገጹን ክፍሎች የሚለይ የኤችቲኤምኤል ምልክት) በአንዱ ብሮውዘር (ድረ ገጽ የሚከፍት ፕሮግራም) ደህና፣ በሌላው የተበታተነ ገጽ ያሳይ ነበር። የኤችቲኤምኤል 5 ትልቁ ሥራ፣ ብዙ ሰው ባያወራለትም፣ የተሳሳተ ኮድ ሲመጣ ብሮውዘሮች ምን ማድረግ እንዳለባቸው አንድ በአንድ መደንገጉ ነው። ስለዚህ ክሮምም ፋየርፎክስም ሳፋሪም የተበላሸ ኮድ ሲገጥማቸው የሚያስተካክሉበት መንገድ አንድ ሆኗል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም እ.ኤ.አ. በ2022 ጡረታ ወጥቷል። "ኮድህ ካልጸዳ ሳይትህ ሌላ ብሮውዘር ላይ አይከፈትም" የሚለው ማስፈራሪያ ዛሬ ብዙም ውሃ አያነሳም።

ችግሩ ብሮውዘሩ ዝም ብሎ መገመቱ ነው። የቡና ዋጋ ዝርዝር ያለበት ገጽ እንውሰድ። የመጀመሪያው ቡና ስም ሊንክ ነው፤ አድራሻው ሲጻፍ መክፈቻው ትምህርተ ጥቅስ ገባ፣ መዝጊያው ተረሳ። ብሮውዘሩ አድራሻው የት ላይ እንደሚያበቃ ስለማያውቅ ቀጣዩን ትምህርተ ጥቅስ እስኪያገኝ ያለውን ሁሉ እንደ አድራሻ ይውጠዋል። ቀጣዩ ትምህርተ ጥቅስ ያለው ደግሞ በሁለተኛው ቡና ሊንክ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቡና ስሙም ዋጋውም ከገጹ ይጠፋል። የሁለተኛው ስም ይታያል፤ ሲጫኑት ግን የትም አያደርስም። ምንም የስህተት መልእክት አይወጣም፣ ገጹም ሲታይ ያምራል። አሥር ዓይነት ቡና ዘጠኝ ሆኖ ይቀመጣል፤ ማን ይቆጥራል? ቫሊዴተሩ ግን የመስመሩን ቁጥር ጠቅሶ ይነግራችኋል፤ አገልግሎቱም በነጻ ነው።

ቫሊዴተሩ አርባ ምናምን ስህተት አወጣብኝ። ሁሉም ይስተካከል?

መጀመሪያ አትደንግጡ። አንድ ስህተት ሌሎችን ይወልዳል፤ ከላይ አንድ ያልተዘጋ ታግ ካለ ከሱ በታች ያለው ጤነኛ ኮድ ሁሉ ተከሳሽ ይሆናል። ከላይ የመጀመሪያውን አስተካክሉና እንደገና አስኪዱት፤ ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ በአንዴ ያጥራል።

ልብ ሳትሉ ልታልፏቸው የምትችሉት አሉ። በራሱ የሚዘጋ ታግ መጨረሻ ላይ የገባ ጭረት፣ ስክሪፕት (ገጹ ላይ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ላይ "ጃቫስክሪፕት ነው" ብሎ መጻፍ አያስፈልግም የሚለው ማሳሰቢያ፣ ጊዜ ያለፈባቸው "ሴንተር" እና "ፎንት" የሚባሉት ታጎች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በስህተትነት ይመዘገባሉ፤ ሆኖም ብሮውዘሮች እንዲያሳዩአቸው ስታንዳርዱ ራሱ ያዛል። አዲስ ኮድ ውስጥ አይግቡ፣ አሮጌው ውስጥ ያሉት ግን እንቅልፍ አይንሷችሁ።

የሚያስፈሩት እነዚህ ናቸው፦ ያልተዘጉ ታጎችና ትምህርተ ጥቅሶች፤ አንድ መለያ (አይዲ) ለሁለት ነገር መሰጠቱ፤ የሥዕል መግለጫ አለመኖሩ፤ ሄድ የሚባለው የገጹ የራስጌ ክፍል ውስጥ ቦታው ያልሆነ ነገር መግባቱ። ፋይሉ አናት ላይ የሚጻፈው ዶክታይፕም አይርሳ። አንዲት አጭር መስመር ናት፤ ከሌለች ብሮውዘሩ ገጹን በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ልማድ ያሳየዋል፣ ስፋቱና ክፍተቱም ይዛባል። ሳይቱን የሚሠራው ልጅ "ሲኤስኤሱ እምቢ አለኝ" እያለ ቀኑን ሙሉ የሚታገለው አንዳንዴ በዚህች መስመር ጉድለት ነው።

አማርኛው አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ለምን የማይነበብ ምልክት ይሆናል?

ስታንዳርድ በቀጥታ ኪስ የሚነካው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልስ። ምክንያቱ ሦስት ዓይነት ነው፤ የቱ እንደሆነ የሚታየው ምልክት ራሱ ይናገራል።

ገጹ ከላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ በየሁለትና ሦስት ምልክቱ እየተደጋገመች የምትታይበት ከሆነ ጽሑፉ ጤነኛ ነው። የጎደለው በምን ኢንኮዲንግ (ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር የሚመዘገብበት ዘዴ) እንደሚነበብ የሚናገረው መስመር ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ኢንኮዲንግ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ አማርኛ በሚጠቀምባቸው ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያው ባይት አንድ ዓይነት ነው። ብሮውዘሩ በድሮው የምዕራብ አውሮፓ ኢንኮዲንግ ሲያነበው ያ የጋራ ባይት ባለጭረት ኤ ሆኖ ይወጣል፣ ተከታዮቹ ሁለቱ ሌላ ምልክት ይሆናሉ። ለዚህ ነው ኤዋ የምትበዛው። መድኃኒቱ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚገልጽ አንድ ሜታ ታግ ነው። ስታንዳርዱ ይህ መስመር በፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ ይግባ ይላል። ከሱ በፊት ረጅም የአማርኛ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ልብ ይበል፤ በአንድ ፊደል ሦስት ባይት ሲታሰብ 341 ፊደል ላይ ገደቡ ያልቃል።

የሚታየው ባዶ ሳጥን ከሆነ ኢንኮዲንጉ ልክ ነው፣ መሣሪያው ግን የግዕዝ ፎንት የለውም። የዛሬ ስልኮችና ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ አላቸው፤ አሮጌ ማሽን ላይ ግን ያጋጥማል። ሳይቱ ፎንቱን ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም ሆነ አቢሲኒካ በነጻ ይገኛሉ። ፎንት ሲጫን የዳታ ወጪ ስላለው በዎፍ 2 ቅርጽ ተጨምቆ ይቅረብ፤ ሲኤስኤሱም ፎንቱ ለግዕዝ ፊደላት ብቻ መሆኑን ይግለጽ። ያን ጊዜ እንግሊዝኛውን ገጽ ብቻ የሚከፍት ቱሪስት ፎንቱን በከንቱ አያወርድም።

ሦስተኛው አስቸጋሪው ነው። ጽሑፉ እርስ በርሱ የማይገናኝ የእንግሊዝኛ ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ድብልቅ ከሆነ ከዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር ከሚሰጠው ሥርዓት) በፊት በነበሩ የአማርኛ መጻፊያዎች የተጻፈ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በስሪት 3.0 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ ፈቃድ ይደረድር ነበር። የድርጅታችሁን ታሪክ ከአሮጌ የወርድ ፋይል ቀድታችሁ ስትለጥፉ የሚመጣው ይህ ነው። ፎንቱ ያለበት የናንተ ኮምፒውተር ላይ ያምራል፣ ሌላው ዘንድ ጉድ ይፈላል። ጉግልም የሚያየው አማርኛ ስላልሆነ በአማርኛ የሚፈልጋችሁ ሰው አያገኛችሁም። በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ይዛወር፣ ከዚያም ሰው ያንብበው፤ መቀየሪያ ፊደል ይስታል።

ለውበት ያህል፦ ተራ ቁጥሮች ፩፣ ፪፣ ፫ ተብለው እንዲደረደሩ የምትፈልጉ ከሆነ በእጅ አትጻፏቸው። ሲኤስኤስ የግዕዝ ቁጥር ያውቃል።

አንድ ሳይት ላይ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪና ዓረብኛ ይገባል። ኮዱ ላይ የሚለወጥ ነገር አለ?

እኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም፤ ሱቅ በራፍ ላይ ያለውን ታፔላ ማየት ይበቃል። እያንዳንዱ ቋንቋ በኮዱ ውስጥ የሚገለጽበት መለያ አለው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ዓረብኛ ባለሁለት ፊደል መለያ አላቸው፣ ሐረሪ ባለሦስት። ከውጭ የወረደ ቴምፕሌት (ዝግጁ የገጽ ንድፍ) ግን "ይህ ገጽ እንግሊዝኛ ነው" የሚል መስመር ይዞ ይመጣል፤ አማርኛው ይሞላበታል፣ መስመሩ ሳይነካ ይቀራል። ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌር አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ይሞክራል፤ የትርጉም አገልግሎትም ይወናበዳል። ገጹ ውስጥ ቋንቋ በተቀየረ ቁጥር ያቺን አንቀጽ ብቻ በራሷ መለያ ምልክት ማድረግ ይቻላል።

ዓረብኛ ሌላ ጣጣ አለው። ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚጻፍ ኮዱ ላይ መነገር አለበት፤ ጽሑፉን በሲኤስኤስ ወደ ቀኝ መግፋት ብቻውን አይበቃም። ልዩነቱ የሚታየው ስልክ ቁጥር ላይ ነው። የአንድ እንግዳ ማረፊያ ስልክ በ025 ይጀምርና በክፍተት እየተከፋፈለ ይጻፋል እንበል። ቁጥሩ ዓረብኛ ዓረፍተ ነገር መሐል ሲገባ የእያንዳንዱ ቡድን አሃዞች ከግራ ወደ ቀኝ እንደሆኑ ይቀራሉ፣ ቡድኖቹ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ይደረደራሉ። 025 ቀኝ ጫፍ ይሄዳል፣ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ግራ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ከጂቡቲ ሆኖ ክፍል ሊይዝ የፈለገ ሰው የሚያየውን በተለመደው መንገድ ከግራ ጀምሮ ቢደውል አይገባለትም፤ ጥፋቱም የኔትወርክ ይመስለዋል። መፍትሔው ቁጥሩን በራሱ ታግ ውስጥ ማድረግና አቅጣጫው ከግራ ወደ ቀኝ መሆኑን መጻፍ ነው። ሲነኩት የሚደውል ሊንክ ከተደረገማ ደዋዩ ቁጥሩን ከነጭራሹ መጻፍ አያስፈልገውም።

እንደ ስልክ ቁጥሩ ያለውን ችግር ቫሊዴተሩ አይነግራችሁም። እሱ የሚያየው የኮዱን ሰዋስው ነው፤ ትርጉሙን የሚያየው ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ጉግል ላይ ወደ ላይ ያወጣኛል?

አያወጣም። ኮዱ ቫሊድ መሆኑ (ቫሊዴተሩን ያለስህተት ማለፉ) በራሱ ደረጃ እንደማይሰጥ የጉግል ሰዎች ደጋግመው ተናግረዋል። "ስታንዳርድ ጠብቄ አንደኛ አደርግሃለሁ" የሚል ውል አትፈርሙ።

አንድ ነገር ግን አለ። ሄድ ውስጥ ቦታው ያልሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ሥዕል፣ ከገባ ጉግል ከዚያ በኋላ ያለውን የራስጌ መረጃ አያየውም። የገጹ አጭር መግለጫና የቋንቋ ቅጂዎችን የሚያያይዙት ሊንኮች እዚያ ነው የሚቀመጡት። ቻት ወይም ማስታወቂያ የሚያስገባ ኮድ ተቀብላችሁ "ሄድ ውስጥ ለጥፉት" ስትባሉ፣ ተራው ከነዚህ መረጃዎች በታች ይሁን።

ያፈጥነዋል?

ብዙም። ገጽ የሚያዘገየው ከካሜራ እንደወረደ የተጫነ ፎቶና የማያስፈልግ ስክሪፕት ነው፤ ሁለቱም ፍጹም ቫሊድ በሆነ ገጽ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ከሁሉ አስቀድሞ ድሬዳዋ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ከተማችን የኔትወርክ ምርጫ አላት። ቢሆንም ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ደንገጎን እየወጣ የሐረር አልጋ የሚፈልገው ሰው አምስት ሜጋባይት ፎቶ እስኪወርድ አይጠብቃችሁም። የሥዕሉን ስፋትና ቁመት ኮዱ ላይ መጻፍ ግን ከስታንዳርድ ልማዶች ውስጥ በእውነት የሚረዳ ነው፤ ፎቶው ዘግይቶ ሲመጣ ጽሑፉን ገፍቶ ጣታችሁን የተሳሳተ ቦታ ላይ አያሳርፍም።

ማየት ለተሳናቸው ይጠቅማል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ክርክሩን ሁሉ የሚያሸንፈውም ይኼ ነው። ዳብሊው ስሪ ሲ ለተደራሽነት፣ ማለትም አካል ጉዳተኞችም ድርን መጠቀም እንዲችሉ ያወጣው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 ስሪት 2.2 ላይ ደርሷል። በዚህ ስሪት ላይ ደስ የሚል ለውጥ አለ። የቀድሞዎቹ "ታጎች በትክክል ይዘጉ፣ መለያዎች አይደጋገሙ" የሚል ለብቻው የቆመ መስፈርት ነበራቸው፤ አዲሱ ጊዜ ያለፈበት ነው ብሎ ሰረዘው። ብሮውዘሮች ይህን ራሳቸው ስለሚያቃኑት፣ ተጠቃሚውን በእውነት የሚጎዳው ስህተት ደግሞ በሌሎቹ መስፈርቶች ስለሚያዝ ነው። መመሪያውን የሚጽፉት ሰዎች ራሳቸው ከቀይ መስመር ቆጠራ ወደ ሰው ዞረዋል።

የሚጎዳው ምንድን ነው? "እዘዝ" የሚለው በተን በተን መሆን ሲገባው ቀለም የተቀባ ሣጥን ብቻ ሲሆን። በጣት ይሠራል፤ በኪቦርድ ግን አይደረስበትም፣ ስክሪን ሪደሩም (ገጹን በድምፅ የሚያነበው ሶፍትዌር) በተን መሆኑን አያውጅም። የፎርም ሣጥን ስሙ ከጎኑ ተጽፎ በኮድ ሳይታሰር ሲቀር ማየት የተሳነው ሰው "የሚጻፍበት ሣጥን" ብቻ ይሰማል፤ ስሙን ይጻፍ ስልኩን አያውቅም። የዋጋ ዝርዝር እንደ ፎቶ ሲለጠፍ ደግሞ ለሱ ዋጋ የለም። የአማርኛ ድምፅ የለም የሚለው ሰበብም አይሠራም። ዊንዶውስ ላይ በነጻ የሚጫነው ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር አብሮት የሚመጣው የድምፅ ሞተር አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ የሮቦት ነው እንጂ ይሰማል።

መመሪያው የጽሑፉና የጀርባው የቀለም ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን ይላል። ይህ ዓይናቸው የደከመ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ሰው በእኩለ ቀን ቀፊራ ገበያ ቆሞ ነጭ ላይ በግራጫ የተጻፈ ዋጋ ስልኩ ላይ ለማንበብ ይሞክር።

የምዝገባ ፎርማችን ላይ የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሆን እንፈልጋለን። ስታንዳርዱ ይፈቅዳል?

የኤችቲኤምኤል የቀን መምረጫ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጳጉሜን የምትባል ወር የለችውም። ብዙ ትምህርት ቤት "ስታንዳርድ ነው" ተብሎ ይህን ይቀበልና ወላጆች የልጃቸውን የኢትዮጵያ ቀን እንዳለ ይሞሉበታል፤ ሕፃኑ መዝገብ ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። የምንመክረው ሦስት ተራ ሣጥኖች ነው፦ ቀን፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን አሥራ ሦስቱ ወራት የተዘረዘሩበት መምረጫ፣ እና ዓመት፤ ከጎኑም "ዓ.ም." ይጻፍ። ወደ ውጭው አቆጣጠር መቀየሩ የሰርቨሩ ሥራ ነው። ለማሳየት ብቻ ከሆነ ጃቫስክሪፕት ማንኛውንም ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍ ይችላል፤ ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግም። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ "1:00" ብላችሁ ስትጽፉ ከጠዋቱ ይሁን ከሰዓት በኋላ፣ በኛ ይሁን በፈረንጅ፣ በቃል ይጻፍ።

የስልክ ቁጥር ሣጥኑ ደግሞ የስልክ ዓይነት መሆኑ ኮዱ ላይ ይገለጽ። ሰውየው ሲነካው የቁጥር ሰሌዳ ይመጣለታል፣ ከአማርኛ ኪቦርድ ጋር አይታገልም።

ሳይቴ ዎርድፕረስ ነው። ስህተቱ የማነው?

ዎርድፕረስ ዝግጁ የሳይት መሥሪያ ነው፤ ስህተቱ አብዛኛው የቴምፕሌቱና የፕለጊኖቹ (ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ የሚጫኑበት ክፍሎች) ነው። እነሱ ውስጥ ገብታችሁ ብታርሙ ቀጣዩ አፕዴት ሲመጣ ይሰርዘዋል። በእጃችሁ ያለው የቋንቋው ቅንብር፣ የሥዕል መግለጫ፣ የርዕሶች ቅደም ተከተልና ከሌላ ቦታ ቀድታችሁ የምትለጥፉት ጽሑፍ ነው። እነዚህን ከያዛችሁ ይበቃል።

በበዓል ጊዜ "እንኳን አደረሳችሁ" እያለ የሚሮጥ ጽሑፍ እንፈልጋለን። ይቻላል?

"ማርኪ" የሚባለው ታግ ከስታንዳርዱ የተሻረ ነው፣ ግን ይሮጣል። ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበን ንባቡ ነው፤ ሰው አንብቦ ሳይጨርስ ያመልጠዋል። የተደራሽነት መመሪያው ከአምስት ሰከንድ በላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ማቆሚያ ይኑረው ይላል። ቆሞ የሚታይ ቆንጆ ሰሌዳ እንሠራላችኋለን። የግድ ይሩጥ ካላችሁ ማቆሚያ እንጨምርበታለን፤ በዓሉ ሲያልፍም ይነሳል፣ በጥቅምት መልካም አዲስ ዓመት የሚል ሳይት ብዙ አይተናል።

ጨረታ ወይም ውል ላይ እንዴት ብዬ ልጻፈው?

"ስታንዳርዱን የጠበቀ" ብቻ ብላችሁ አትለፉት፤ ርክክብ ላይ ሁለታችሁም የምትረዱት የተለያየ ይሆናል። ሊመረመር የሚችል ነገር ጻፉ። ገጾቹ ዩቲኤፍ-8 ይሁኑ። ቋንቋቸው ይገለጽ። በቫሊዴተሩ ያልተዘጋ ታግም ሆነ የተደጋገመ መለያ አይገኝባቸው። የተደራሽነት መመሪያ 2.2ን ኤኤ በሚባለው መካከለኛ ደረጃ ያሟሉ። ፎርሞቹ በኪቦርድ ብቻ ይሞሉ። የመጨረሻው ክፍያ ይህ ታይቶ ይለቀቅ።

ኮዱ፣ ዶሜይኑ (የሳይቱ አድራሻ) እና የሆስቲንጉ (ሳይቱ የሚቀመጥበት አገልግሎት) አካውንት በድርጅቱ ስም መሆናቸውም ይጻፍ። ይህ ከስታንዳርድ ጋር ባይገናኝም ከስታንዳርድ በላይ ሰው ሲያስለቅስ አይተናል።

የሠራልኝ ልጅ ውጭ አገር ሄዷል። ሌላ ሰው ይረከበዋል?

በስታንዳርዱ ከተጻፈ ይረከበዋል። ርዕሱ ርዕስ፣ ዝርዝሩ ዝርዝር፣ በተኑ በተን ሆኖ ሲገኝ አዲሱ ልጅ በቀናት ውስጥ ይለምደዋል። ሁሉም ነገር ስም የሌለው ሣጥን በሣጥን ከሆነ ግን "ከአዲስ ብሠራው ይቀለኛል" ይላችኋል፤ ይህን የሚለው ሁሌም ገንዘብ ፈልጎ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ይመጣል። ሳይቱ ሲሠራ የተረፈው ጥቂት ቀን ርክክቡ ላይ በወራት ይከፈላል።

ራሴ መሞከር እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ኮድ ማወቅም አያስፈልግም። የዳብሊው ስሪ ሲን ቫሊዴተር ከፍታችሁ የሳይታችሁን አድራሻ አስገቡ፤ ውጤቱንም ፎቶ ሳይሆን ሊንኩን አስቀምጡ። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ አይጡን ወደ ጎን አድርጋችሁ በታብ ቁልፍ ብቻ ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ለመላክ ሞክሩ፤ የት እንዳላችሁ ከጠፋችሁ ወይም "ላክ" የሚለው ላይ ካልደረሳችሁ ጻፉት። ስልካችሁን ይዛችሁ ደግሞ ፀሐይ ላይ ውጡ፣ ዋጋውና ስልክ ቁጥሩ ይነበብ እንደሆነ እዩ። በመጨረሻ ሊንኩን በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩት፤ ርዕስና ሥዕል ሳይዝ ባዶ አድራሻ ብቻ ከመጣ የራስጌው መረጃ አልተሞላም ወይም ተበላሽቷል። ያገኛችሁትን ሁሉ መጀመሪያ ለሠራላችሁ ሰው ስጡት። እሱ ከሌለ ለኛ ላኩልን፤ አይተን የቱ መጠገን እንዳለበት፣ የቱ መተው እንደሚችል እንነግራችኋለን፣ ለማየት አናስከፍልም።